ጋሻው የመለሳት ጥይት

አባቴ ጉሉማ የራሰ የጎሽ ቆዳ በእንጨት ቅርጽ ላይ ወጥሮ ይቀጠቅጣል፤ እኔ ዳሩን እይዝለታለሁ። ነቀምቴ ውስጥ ጋሻ የሚፈልግ ሁሉ ወደ እኛ ደጅ ይመጣ ነበር። ገዢ ሲመጣ ጋሻው ደጃችን ባለው ሾላ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ሰውየው ራሱ ጦር ይወረውርበታል፤ ካልተበሳ ይወስደዋል። የአባቴ ደንብ ይህ ነበር።

ጣሊያን መጣ ተብሎ ክተት ሲታወጅ ታላቅ ወንድሜ ነገራ ከጎረቤታችን ልጅ ከፉፋ ጋር ሊዘምት ተነሳ። ጠመንጃ አልነበራቸውም። ፉፋ ግን ከአባቴ የገዛው ጋሻ ቤቱ ነበረው።

"አባኮ፣ ለእኔም ከዲዴሳ ሸለቆ ጎሽ የሠራኸውን ጋሻ ስጠኝ" አለ ነገራ አባታችንን።

"ጦር ተንሸራቶ እንዲያልፍ ነው ያጎበጥኩት። ጥይት ግን አይንሸራተትም።"

"ሞክረኸዋል?"

አልሞከረም። ስለዚህ ወታደሩን መሸሻን ውጅግራ ጠመንጃውን ይዞ እንዲመጣ ለመነው፤ ያንኑ ምርጡን ጋሻም ሾላው ላይ ሰቀለ። መሸሻ ተኮሰ። ሮጠን ብናይ ቆዳው ጎደጎደ እንጂ አልተበሳም፤ እርሳሱ ሣሩ ላይ ወድቋል።

"አያ ጉሉማ፣ የገዛ እጅህን ሥራ አታውቀውም እንዴ?" አለ ፉፋ። እየፎከረ ወደ ቤቱ ሄደ።

አባቴ ቀለሁን አንስቶ አሸተተ። "መሸሻ፣ ይህ ባሩዱ ዳግም የተሞላ አይደለም?"

"ነው። ታዲያ ደህናውን ለቆዳ ላባክን?"

"ጣሊያን የሚተኩሰው ደህናውን ነው። አንዴ ድገምልኝ።"

መሸሻ እምቢ አለ። ነገራ ሳቀ፤ ጋሻውን አውርዶ ክንዱ ላይ አጠለቀና "እንግዲያው እኔ ይዤው ልቁም፤ ያኔ አይሰስትም" አለ። መሸሻን እልህ ያዘው። ከዝናሩ አዲስ ጥይት መዞ አጎረሰ።

አባቴ ጀርባውን ለጠመንጃው ሰጥቶ መሐላቸው ቆመ። ድምፁን እንኳ ከፍ አላደረገም። "ስቀለው፣ ልጄ። ዛፉ ላይ ስቀለው።"

እኔ የነገራን ክንድ አያለሁ። ቆይቶ፣ ቆይቶ ሰቀለው።

ሁለተኛዋ ጥይት ጋሻውን በስታ ሾላው ግንድ ውስጥ ገባች። ነገራ ጣቱን በቀዳዳው ከተተ። አባቴ ወደ ፉፋ ቤት ሮጠ፤ ፉፋ ግን ጋሻውን አንግቶ ከዘማቹ ጋር ሄዷል።

ነገራ በማግስቱ ባዶ እጁን ተከተለው። ደርሶበት የሆነውን ቢነግረው፣ "በዓይኔ ያየሁትን ልታስክደኝ ነው?" አለው። ጦርነቱ ላይ ነገራ ከድንጋይ ድንጋይ እየተከለለ ተረፈ። ፉፋ ጋሻውን ከፊቱ ይዞ ቀጥ ብሎ ሲራመድ ወደቀ።

ዛሬም ስለ አባቴ ሲነሳ "የእሱ ጋሻ ጥይት ይመልሳል" የሚሉ አሉ። እናንተ ግን ለልጆቻችሁ ስታወሩላቸው፣ እባካችሁ፣ ሁለተኛዋንም ጥይት ንገሯቸው።