የምንጫችን ሽማግሌ ለካ ትንሹ እንቁራሪት ነው

ዛሬ ጠዋት ምንጭ ስንጠርግ ያየሁትን ልንገራችሁ።

ጭቃው ውስጥ ሁለት ጣት የሌለው እንቁራሪት አገኘሁ። አውራ ጣቴን እንኳ አያክልም።

አወቅሁት! ልጄን አርግዤ ሳለሁ ጎረቤታችን ኦቦ ከድር ጣሊያን ጥሎት በሄደው አካፋ ጭቃ ሲዝቁ ሳያዩት ጣቶቹን የቆረጡት ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጠማማ ነጭ መስመር ያው ነው። ያኔም ይህንኑ ያህል ነበር። ልጄ ዛሬ ሦስተኛ ክፍል ናት እኮ!

አሰላ እኛ ሰፈር ምንጭ ሲጠረግ ትልቁ እንቁራሪት "የምንጩ ሽማግሌ" ተብሎ በቅል ይነሣል፤ ውሃው ሲጠራ በክብር ይመለሳል። ትንንሾቹ ከጭቃው ጋር ተዝቀው ይጣላሉ።

በቅል ያነሣናቸው ትልልቆች በየተራ አለፉ። እሱ ግን አለ።

(እኔም አጭር ስለሆንኩ ኢተያ ገበያ እስከ ዛሬ "አንቺ ልጅ" ይሉኛል።)

ለኦቦ ከድር ሳሳያቸው አካፋው ከእጃቸው ወደቀ። "ያ ረቢ! ስንቱን ሽማግሌ ነው ከጭቃ ጋር የጣልነው?" አሉ።

እናንተ ሰፈርስ በቅል የሚነሣው የትኛው ነው? እስቲ ንገሩኝ። እኛ የጣልነውን ጭቃ በእጃችን እየበረበርን ነው።