ሁለተኛው ገጽ

ከአዲሷ ሠራተኛ ጎን የሚቀመጠው ፕሮግራመር ክርኑ የሳሳ ሹራብ ለብሶ፣ ሻዩን ሳይጠጣ እያቀዘቀዘ ይውላል። ድረ ገጽ ሲሞክር ሌላው ሰው በስም ቦታ ላይ ያገኘውን ፊደል ይደረድራል፤ እሱ ግን ሁልጊዜ «ማሙሽ» ብሎ ይጽፋል። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ሰውዬ! ልጅቷ ሳቋን በመዳፏ ታፍናለች።

ዛሬ ጠዋት የእሷ ፎርም አስቸገራት፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ የተሞላው ስም ሁለተኛው ላይ ሲደርስ የውሃ ሽታ ይሆናል። ሰውየው ወንበሩን ሳብ አድርጎ ቀረባት።

«ሰርቨር እኮ አያስታውስም፣ እህቴ። ገጽ በተለወጠ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ነው የሚያይሽ። ስሙን በተደበቀ ሳጥን አድርገሽ አብረሽ ላኪው።»

ምሳ ሰዓት ላይ መስኮቱ ጋ ቆሞ ስልክ ደወለ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ፣ ማሙሽ። አይ፣ የቧንቧ ሠራተኛው አይደለሁም። ማሙሽ ነኝ፣ ልጅሽ።» መልሷን ሰማና በዚያው ትዕግሥት «ልጅሽ» አለ እንደገና።

ሲመለስ የራሱን ፎርም ከፈተ፤ ስሙን ጽፎ «ቀጥል» የሚለውን ነካ። ሁለተኛው ገጽ ብቅ አለ፦ «እንኳን ደህና መጣህ፣ ማሙሽ።»

ገጹ ደህና ነው፤ የሚታረም ነገር የለውም። እሱ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ስሙን እንደገና ጻፈ።