የቡ ካርሲናህ እሺታና እምቢታ

ቡ ካርሲናህ የእግር ኳስ ክለባችንን የፐርስካልን ማሊያ ማጠብ የጀመሩት በሃያ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዘንድሮ ስልሳ አራት ሞልቷቸዋል። በእኛ በጃዋ አገር የተከበረች ሴት ቡ፣ የተከበረ ወንድ ፓክ ይባላል። በዚህ ሁሉ ዘመን አሥራ ዘጠኝ አሠልጣኝ መጥቶ አሥራ ዘጠኙም ተባሯል፤ ሁለት ጊዜ ወርደን ሁለት ጊዜ ተመልሰናል፤ የትሪቡኑ ጣሪያም አንዴ ነፋስ ወስዶት ከዓሣ ገበያው ጀርባ ተገኝቷል። እሳቸው ግን ከደቡቡ ትሪቡን ሥር፣ ከጋናቸው አጠገብ ንቅንቅ አላሉም። ስለ እሳቸው ስጽፍ ራሴን ንጹሕ አድርጌ ላቅርብ ብል የከተማችን የካሊሙአራ ሰው ሁሉ ይስቅብኛል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ልናዘዝ፦ ከተማው በእሳቸው ላይ ሲነሳ ብሩሹን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ዳርሶ እባላለሁ። ሥራዬ የሜዳውን መስመር በኖራ ማስመር ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ የሱቅ ታፔላ እጽፋለሁ። ቁጣዬ ቅርብ ነው፤ ሚስቴ «አንተ እኮ ክብሪት ሳይጫር የምትነድ ነህ» ትለኛለች፤ አልዋሸችም።

ሰማያዊያችን የወጣው ከቡ ካርሲናህ አባት ጋን ነው። ክለቡ ሲመሠረት ማሊያ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የነበረው አሥራ አንድ ነጭ ካናቴራ ነው። ጨርቅ ነካሪው ፓክ ዊርዮ ካናቴራዎቹን ሰብስበው ከቅጠል በሚዘጋጀው ሰማያዊ ቀለም ነከሯቸው። ጊዜ አልነበረም፤ ቀለሙ በቅጡ ሳይጠጣ ጨዋታው ደረሰ። በሁለተኛው አጋማሽ ዝናቡ ሲወርድ ቀለሙ ለቀቀና ተጫዋቾቻችን እስከ ጉልበታቸው ሰማያዊ ሆነው አረፉት። የጎረቤት ከተማ ደጋፊ «ሰማያዊ ቆዳዎች! ሂዱ ታጠቡ!» እያለ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ሁለት ግብ ገባበት። ስድቡ ከዚያን ቀን ጀምሮ ስማችን ሆነ። እስከ ዛሬም በጨዋታ ቀን ጠዋት ደጋፊው ተሰልፎ አውራ ጣቱን ከቡ ካርሲናህ ጋን ይነክራል። ሰኞ ዕለት ጠመኔ የያዘው ጣት ሰማያዊ ከሆነ መምህሩ የእኛ ወገን ነው ማለት ነው።

ዘንድሮ ክለቡ አዲስ ባለቤት አገኘ። ፓክ ማንጋራ ከባሕር ማዶ፣ ከቶባ ሐይቅ ወገን የመጡ የባታክ ብሔር ሰው ናቸው። የባታክ ሰው ልቡና ምላሱ አንድ ነው፤ ድምፁ ደግሞ የሁለት ሰው ነው። የመጡ ዕለት ከቢሮ ጩኸት ሰምተን፣ ጠብ ነው ብለን ስንሮጥ ለካ ሻይ እያዘዙ ኖሯል። መጥፎ ሰው አልነበሩም። ገና በወሩ የተጫዋቾቹን መታጠቢያ ቤት አሠሩ፤ የሚያፈሰውን ጣሪያ ደፈኑ። ከዚያ ማሊያው ቀይ ይሁን የሚል ሐሳብ መጣላቸው።

ሽማግሌዎቹን ሰብስበው ጠየቁ። ሽማግሌዎቻችን ደግሞ ፊት ለፊት እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ነገሩን ከራሳቸው ላይ አሽቀነጠሩ። «ቀለሙ የፓክ ዊርዮ ነው። ልጃቸው ካርሲናህ እሺ ካሉ እኛ ምን እንላለን?» አሏቸው። ፓክ ማንጋራም ቡ ካርሲናህን ወደ ቢሮ አስጠሩ።

«ቡ! ማሊያውን ቀይ ላደርገው ነው። ሰማያዊ በቴሌቪዥን ደብዛዛ ነው። ቀይ ግን እሳት ነው! ይስማማሉ?»

«ኢንጊህ፣ ፓክ።»

«ቀይ ነው ያልኩት! ሰምተውኛል?»

«ኢንጊህ።»

«በቃ ጨረስን?»

«...ኢንጊህ።»

እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል። እኛ ጃዋዎች ዘንድ ግን እሺው ራሱ ሺህ ዓይነት ነው። ኢንጊህ፣ የእኛ እሺ፣ ቀና ብለው ሲሉት አዎ ነው። ፈገግ ብለው ሲሉት ሰምቻለሁ፣ እስቲ እናያለን ነው። አንገት ተደፍቶ፣ ድምፅ እየወረደ፣ ሦስት ጊዜ ሲባል ግን «በሬሳዬ ላይ ተራምደህ» ማለት ነው። ይኼን ጡት ያልጣለ ልጅም ያውቀዋል። ፓክ ማንጋራ ግን ከወዲያ ማዶ የመጡ ሰው ናቸው፤ ሦስት እሺ ሰምተው ሦስት ጊዜ ደስ አላቸው።

በሁለተኛው ቀን ለጋዜጠኞች ተናገሩ። «የመሥራቹ ልጅ ቡ ካርሲናህ ራሳቸው ተስማምተዋል!» አሉ።

እኔ ወሬውን የሰማሁት ቁርስ ቤት፣ መጎኖ ሩዜን ገና አንዴ እንደጎረስኩ ነው። ሩዙን ትቼ ተነሳሁ። እንዴት ብለው ተስማሙ፣ ምን ብለው መለሱ ብዬ የምጠይቅበት ልብ ነበረኝ? አልነበረኝም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ፤ የእኔስ ያመለጠው ብሩሽ ነው። አራት ክንድ ነጭ ጨርቅ ገዛሁና በጥቁር የዘይት ቀለም ጻፍኩበት፦ «ካርሲናህ ሰማያዊውን ሸጠች»። ቡ የለ፣ አንቱታ የለ። ወስጄ በየጠዋቱ በሚገቡበት በደቡቡ በር ላይ ሰቀልኩት።

በማግሥቱ መስመር እያሰመርኩ በዓይኔ ጫፍ ጠበቅኳቸው። መጡ። ቆመው አነበቡ። እጃቸውን ዘርግተው የጨርቁን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ፈተጉት።

«ጥሩ ጥጥ ነው» አሉ። ገመዱን ፈተው ጨርቁን አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ያዙት። የከተማው ታፔላ ሁሉ የእኔ እጅ ነውና የማን ጽሑፍ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋቸውም። ሃያ ዓመት ሙሉ «አንተ ቀጣፊ ዳርሶ፣ ዛሬም መስመሩን አጣመምከው?» ሲሉኝ የኖሩ ሴትዮ ወደ እኔ ዞረው በትሕትና ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ደኅና አደሩ፣ ፓክ ዳርሶ?»

አንቱ አሉኝ። በጥፊ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። የእኛ አገር ሰው የቅርብ ሰውን አንቱ ካለ በሩን ዘግቶ ቁልፉን ወደ ወንዝ ወርውሯል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ሕዝቡም ፊቱን አዞረባቸው። ሩዝ ቤት ሲገቡ ወሬ ይቆማል። ገበያ ላይ የአኩሪ አተር ጥፍጥፉን፣ ቴምፔ፣ የምትሸጠው ሴትዮ የተሰባበረውን እየመረጠች ትሰጣቸው ጀመር። እሳቸው ለማንም አልመለሱም፤ ኋላ እንደተረዳሁት ዓላማቸው ፓክ ማንጋራን በእኛ መንገድ፣ በጎን ማስረዳት ነበር። አንድ ቀን አባታቸው የነከሩትን ሰማያዊ ጨርቅ በጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጡላቸው። ፓክ ማንጋራ «ምስጋና ይድረስዎ!» ብለው መነጽራቸውን ጠረጉበት። ሌላ ቀን የዚያን ዝናብና የሰማያዊ ቆዳውን ታሪክ ከመነሻው እስከ መድረሻው አጫወቷቸው። ፓክ ማንጋራ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «ድንቅ ታሪክ ነው! ቀዩን ማሊያ ስናስመርቅ እናገረዋለሁ!» አሉ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ።

ረቡዕ ዕለት ቀዮቹ ማሊያዎች በካርቶን ደረሱ። ጨዋታው ቅዳሜ ነው። ከሰዓት በኋላ የኖራ ባልዲዬን ላጥብ ከትሪቡኑ ሥር ስወርድ ቡ ካርሲናህን አገኘኋቸው፤ እጅጌያቸውን ሰብስበው አንድ ቀይ ማሊያ ጋኑ ውስጥ ደፍቀው ይዘዋል። አወጡት፣ በውሃ ለቀለቁት፣ ዘረጉት። ቀይ ነው፤ እንዲያውም ታጥቦ ደመቀ። ደግመው ነከሩ። ያው ነው።

«የዛሬ ጨርቅ ፕላስቲክ ነው» አሉ፣ ለእኔ ይሁን ለጋኑ እንጃ። «ቀለም አይጠጣም። አባቴ በዚህ ጋን የማይነክሩት ነገር አልነበረም።»

በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ። ማሊያውን ለመለወጥ መሞከራቸው ግራ አጋባኝ።

«ቡ፣ ተስማምተው የለ እንዴ?»

«ማን አለ?»

«ፓክ ማንጋራ በጋዜጣ... እሺ አሉኝ ብለው...»

«ኢንጊህ ነው ያልኩት። አንገቴን ደፍቼ። ሦስት ጊዜ።» ቀና ብለው አዩኝ። «እሳቸውስ እንግዳ ናቸው። እርስዎ ግን የጃዋ ልጅ አይደሉም እንዴ፣ ፓክ ዳርሶ?»

ባልዲው ከእጄ ወደቀ። ከዚያ የባሰ ስድብ ተሰድቤ አላውቅም፤ ያውም በአንቱታ።

ቡ ካርሲናህ እጃቸውን በሽርጣቸው አደረቁ። «እጄ መናገር ካቃተው አፌ ይናገር» ብለው ተነሱ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ደረጃውን ደግፌ ላውጣቸው ብዬ ተከተልኳቸው። በየደረጃው ቆም እያሉ ለብቻቸው ያጉረመርማሉ፤ ጆሮዬን አስጠጋሁ። «አይሆንም... አይሆንም...» ይላሉ። በስልሳ አራት ዓመታቸው እንደ ፊደል ቆጣሪ ልጅ አንዲት ቃል ያጠናሉ። ለአባታቸው፣ ለባላቸው፣ ለአሥራ ዘጠኝ አሠልጣኝ አይሆንም ብለው አያውቁም።

ቢሮው ደረስን፤ እሳቸው ሲገቡ ፓክ ማንጋራ ቀና አሉ። «ቡ! ማሊያዎቹን አዩዋቸው? ያምራሉ?»

«አይሆንም።»

«ምኑ?»

«ቀዩ። አይሆንም፣ ፓክ። ድሮም አይሆንም ነበር ያልኩት። በኢንጊህ ነው ያልኩት።»

ፓክ ማንጋራ አፋቸውን ከፈቱ። እኔ በር ላይ ቆሜ አሁን ጮኸው ያባርሯቸዋል አልኩ። ጮኹስ!

«ሁለት ወር! ሁለት ወር ሙሉ የዚህ ከተማ ሰው እሺ ብቻ ሲለኝ ገነት የገባሁ መስሎኝ ነበር! እናቴ ቤት እኮ ከሰላምታ በፊት እምቢ ነው የሚባለው! አንድ ሰው እንኳ... አንድ ሰው!» ጠረጴዛውን መቱ። ከዚያ በድካም ወንበራቸው ላይ ወደቁ። «ማሊያው ግን ተሠርቷል፣ ቡ። ቅዳሜ ራቁታቸውን ይጫወቱ?»

ቡ ካርሲናህ አሁን አፋቸው ተፈቷል። «ውጭ ስንጫወት ቀዩ ይለበስ። እዚህ ሜዳ ላይ ግን አይሆንም። የአምናው አሥራ አራት ደኅና አለ። አራቱ ኮሌታቸው ነው የተቀደደው፤ እስከ ዓርብ እሰፋዋለሁ።»

ፓክ ማንጋራ በመስኮቱ ወደ ሜዳው ተመለከቱ። «እሺ» አሉ በመጨረሻ፤ ወዲያው ደንግጠው ጣታቸውን አነሱ። «ይኼ የባታክ እሺ ነው! አንድ ትርጉም ብቻ ነው ያለው!»

ቅዳሜ ተጫዋቾቻችን በተሰፋ ሰማያዊ ወጡ። ከፊታቸው አራት ክንድ የሚሆን ባንዲራ ይመራቸዋል፤ ዓይቼው የማላውቀው፣ ከባሕርም የጠለቀ ሰማያዊ። መሐሉ ላይ በጥቁር አንዲት ቃል ናት ያለችው፦ «ሰማያዊ»። ትሪቡኑ ተነሳ። እኔም ልጮህ ተነስቼ ጽሑፉን ልብ ብዬ አየሁት። ፊደሉ የእኔ እጅ ነው። ቡ ካርሲናህ በጋዝና በቢላዋ ስማቸውን ፍቀዋል፣ «ሸጠች»ን ፍቀዋል፣ «ውን»ን እንኳ ፍቀዋል፤ ከዚያ ጨርቁን ነክረዋል። ጥሩ ጥጥ ነው ብለው አልነበር? ሩቅ ሆኖ ላየው ጥርት ያለ ባንዲራ ነው። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ግን የተፋቀው ቦታ ቀለም እኩል ስላልጠጣ ስማቸው በጥላ ይነበባል። ጨዋታው አንድ ለአንድ አለቀ። ሰዉ እንዳሸነፈ እየዘፈነ ወጣ፤ ቴምፔ ሻጯ ደግሞ ደኅናውን ቴምፔ በቅጠል ጠቅልላ ወደ ደቡቡ ትሪቡን ስትሮጥ አየኋት።

እኔም ሰኞ ሄጄ እግራቸው ሥር ወደቅኩ። «ቡ፣ በድያለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ኢንጊህ፣ ፓክ ዳርሶ» አሉኝ። አንገታቸውን ይድፉ አይድፉ አላየሁም፤ የእኔም ተደፍቶ ነበር። የትኛው እሺ እንደሆነ ሳላውቅ ሦስት ሳምንት ተብሰለሰልኩ። ሥራ ላይ ስንገናኝ ደኅና አደሩ፣ ደኅና ዋሉ ነው፤ አንቱታው አላልቅልኝ አለ።

በሦስተኛው ሳምንት ይቅርታዬ ከአንገት በላይ እንዳይመስልብኝ አስቤ አንድ ነገር አደረግኩ። ከሁሉ የተሻለውን ጥጥ አምስት ክንድ ገዝቼ ከትሪቡኑ ሥር ወረድኩ። ቡ ካርሲናህ ባንዲራውን ፀሐይ ስላደበዘዘው እንደገና እየነከሩት ነበር።

«ቡ፣ ያንን ይጣሉት። አዲስ አምጥቻለሁ። ያ ስድብ ያለበት ነው፤ ባየሁት ቁጥር ያቃጥለኛል። እባክዎ፣ ይኼኛውን ይውሰዱልኝ።»

ባንዲራውን ከጋኑ ሳብ አደረጉት። ከቀለሙ ሲወጣ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ነፋስ ሲያገኘው ነው ሰማያዊ የሚሆነው። አዲሱን ጨርቄን ከላይ እስከ ታች አዩት፤ ከዚያም እኔን።

«እምቢ!» አሉ።

በሕይወቴ ከእሳቸው አፍ ሰምቼው የማላውቅ ቃል ነው። ለፓክ ማንጋራ እንኳ በአክብሮት አይሆንም ነበር ያሉት። እንዲህ ያለው ደረቅ እምቢ የሚባለው ለልጅ ነው፣ ለወንድም ነው፣ ቤት ውስጥ ነው።

«እምቢ አልኩህ እኮ! አንተ ቀጣፊ፣ ምን ይገትርሃል? ቀለሙ ሳይንጠባጠብ ያንን ጫፍ ያዝ!»

ዓይኔ እንባ አቅርሮ የእጄ ጽሑፍም ስማቸውም አልታይ አለኝ። ጨርቁ በእጆቻችን መካከል ቀስ እያለ ወደ ሰማያዊ ሲለወጥ ጫፉን ይዤ ቆምኩ።