በላንጋኖ በር ላይ

ከጎረቤቴ ያለው እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ጥድ በሰነጠቀ ቁጥር፣ በተለይ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ሽታው በመስኮት ይገባና ደሜን ያፈላዋል። ሌላው ሰው ደስ የሚል ሽታ ነው ይላል። እኔን የእህቴን ባል ነው የሚያስታውሰኝ።

ያን ጊዜ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ አርሲ ውስጥ ሳጉሬ፣ እቤት ተቀምጬ ነበር። አባቴ ታሞ ሰንብቶ ገና ከአልጋ መነሳቱ ነው። የሚለምነን አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ላንጋኖ ሐይቅ መውረድ። በወጣትነቱ ከብት እየነዳ በሙኔሳ ደን ቁልቁል ወርዶ፣ ከብቶቹን ያንን ጨዋማ ውሃ አጠጥቶ፣ እሱም እስከ ጉልበቱ ገብቶ ይቆም እንደነበር ስንት ጊዜ ነግሮናል። "እግሬን አንዴ ልንከረው እንጂ ሌላ ምን እፈልጋለሁ" ይል ነበር።

የእህቴ ባል አሰላ ቢሮ የሚሠራ፣ መኪና ከገዛ ወዲህ አፈር መርገጥ የተጸየፈ ሰው ነው። እህቴ ለምና ለምና እሺ አሰኘችው።

ደኑ ውስጥ ስንገባ ዝናብ ያዘን። ዝግባውና ጥዱ ከላይ ገጥሞ ቀኑን አጨለመው። ዝናቡ ካቆመ በኋላም ከቅጠል ቅጠል እየተንጠባጠበ የመኪናውን ጣራ ይደበድብ ነበር። አባቴ መስኮቱን አውርዶ ጥድ ጥድ የሚሸተውን አየር ይስበው ጀመር፤ ጉሬዛ ሲያይ እንደ ልጅ ሳቀ። "ትንሽ ቁምልኝ፣ ልውረድ" ሲለው የእህቴ ባል፣ "አባባ፣ ጭቃ ይዘውብኝ ሊገቡ ነው?" አለና ነዳው። አባቴ መስኮቱን ዘጋ።

ታች ስንደርስ ሐይቁ አይታይም፤ የሚታየው የሎጅ ግንብ ነው። ከግንቡ ወዲያ ሙዚቃና የሚንጫጫ ሰው ይሰማል። ዘበኛው አባቴን ከእግር እስከ ራሱ አየውና፣ "አባባ፣ ዱላ ይዞ መግባት ተከልክሏል። እዚህ ያስቀምጡትና ሲወጡ ይወስዱታል" አለ።

አባቴ በዚያ ዱላ ስንት ደም ያስታረቀ ሽማግሌ ነው። ሲቀመጥ ጉልበቱ ላይ ያጋድመዋል፣ ሲናገር ይይዘዋል። ለማያውቀው ሰው አስረክቦ ባዶ እጁን መቆም ለሱ ሱሪ ማውለቅ ነው። ይህን የአርሲ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ዘበኛውም ስላወቀ ዓይኑን ሰበር አደረገና፣ "ታዝዤ ነው" አለ።

የእህቴ ባል ግን፣ "እንጨት እኮ ነው። ለእንጨት ብለው ቀናችንን ሊያበላሹት?" አለ።

"ቶሌ፣ እሺ፣ እናንተ ግቡ" አለ አባቴ። "እኔ እዚሁ እቆያለሁ።"

እህቴ ዞር ዞር እያለች ባሏን ተከትላ ገባች። እኔና አባቴ ከበሩ ውጪ ግራር ሥር ተቀመጥን። ሌላ መውረጃ ይኖር እንደሆነ ዘበኛውን ብጠይቀው ግንቡ ሩቅ እንደሚሄድ ነገረኝ፤ የአባቴ ጉልበት ደግሞ እስከ ግራሩም በመከራ ነው ያደረሰው። ውሃው አሸዋውን ሲመታ እንሰማለን። አባቴ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል፤ እኔ በሆዴ እራገማለሁ፣ ግንቡን፣ ሙዚቃውን፣ ከሁሉ በላይ የእህቴን ባል። ፊቴ ላይ አንብቦት መሰለኝ አባቴ፣ "ተይው፣ የእህትሽ ቤት ነው" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ወጡ። እህቴ ከነቀሚሷ ገብታ ኖሮ ውሃው ከጫፉ ይንጠባጠባል። ባሏ የመኪናውን በር ይዞ፣ "እንደዚህ ሆነሽ ወንበሬ ላይ? እስኪደርቅ ቁሚ" አላት። አባቴ ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ ከጎኑ ወንበሩ ላይ ዘረጋላትና አስቀመጣት።

ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ መጣ። "አባዬ፣ ጋቢህን አረጠብኩብህ" አለች እህቴ። እሱ ጫማውን አወለቀ። ከሥሯ በሐይቁ ውሃ የረጠበውን የጋቢውን ጫፍ ሳብ አድርጎ ሁለት እግሩን ጠቀለለበትና ዓይኑን ጨፈነ። ሳጉሬ እስክንደርስ አልፈታውም። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬ አለቀስኩ።

የዚያ ዓመት ስንዴ ሳይታጨድ አባቴ ሞተ። ለቅሶው ላይ የእህቴ ባል ድንኳኑ መሃል ቆሞ፣ "ያን ሐይቅ እንዳማራቸው አልቀሩም፣ እኔ ነኝ የወሰድኳቸው" እያለ ለሰው ሲያወራ ሰማሁት። አፌን ስከፍት እህቴ ከሴቶቹ መሃል አየችኝ። ዝም አልኩ።