ፊት የሚጠፋበት ርቀት

ልጅ እያለሁ ጣና በበጋ ይሸሽ ነበር። ከጥር በኋላ ውኃው ቀስ እያለ ወደ ኋላ ይልና ከደንገሉ ፊት ለፊት እግር የማይሰምጥበት ሰፊ የደረቀ ጭቃ ትቶልን ይሄዳል። ሱዚ የምንዘለው፣ ሰኞ ማክሰኞ የምንጫወተው እዚያ ነበር። ሽታው አሁን ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ፤ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ደንገል፣ የቀረሶ ዓሣ ቅርፊት፣ ነፋሱ ከፋብሪካው በኩል ሲመጣ ደግሞ የጨርቅ ማቅለሚያ። የባሕር ዳር እኩዮቼ ይህን ሽታ ያውቁታል። እኔ ግን ያን ሜዳ በጨዋታ አይደለም የማስታውሰው። አባቴ ዒላማ የተማረው እዚያ ነው፤ ዒላማውም እኔ ነበርሁ።

አባዬ የድሬዳዋ ልጅ ነው። በጨርቃ ጨርቅ ሙያው ባሕር ዳር መጣ፣ የዱርቤቴዋን እናቴን አገባ፣ ሦስት ልጆች ወለደ፤ የመጀመሪያዋ እኔ ነኝ። ሥራው የጨርቅ ጥራት መቆጣጠር ነበር። ቀኑን ሙሉ በጠረጴዛ ላይ የሚያልፍ አቡጀዲ ላይ አጎንብሶ የተበጠሰ ክር ሲፈልግ ይውላል። አንዲት ክር አታመልጠውም። ከጠረጴዛው ማዶ ያለው ዓለም ግን ለእሱ ሁሉም «እዚያ ጋ» ነው። መንገድ የጠየቀውን ሁሉ «ቅርብ ነው፣ እዚያ ጋ» ብሎ ይሸኘዋል፤ ሰውየው ግማሽ ቀን ሲኳትን ይውላል። እናቴ በዚህ ስትስቅበት «አቦ ተይኝ!» ይላታል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት የሰሜኑ ጦርነት እየሰፋ መጣና የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሁሉ ወታደራዊ ሥልጠና ይውሰድ ተባለ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ጭነው በመሸንቲ መንገድ ወዳለ ሜዳ እየወሰዱ ያስተኩሷቸዋል። አሠልጣኙ ፀጉራቸው የሸበተ አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ። አባዬ በመጀመሪያው ቅዳሜ አንድም ጥይት ዒላማው ላይ አላሳረፈም፤ በሁለተኛውም እንደዚያው። ጠመንጃ መያዝ አላቃተውም፤ እጁ የረጋ፣ ትንፋሹን መያዝ የሚችል ሰው ነው። ችግሩ ርቀት ነበር። የክላሽ ማነጣጠሪያ ላይ ቁጥር አለ፤ አንድ ለመቶ ሜትር፣ ሁለት ለሁለት መቶ፣ ሦስት ለሦስት መቶ። ዒላማው ሦስት መቶ ላይ ቆሞ ማነጣጠሪያውን አንድ ላይ የተወ ሰው ጥይቱ ዝቅ ብሎ አፈር ያነሣበታል። አባዬ ደግሞ ሜትርን የሚያውቀው በጨርቅ ብቻ ነው። ሜዳው ላይ በሐሳቡ አቡጀዲ ይዘረጋል፤ ጨርቁ ግን ራቅ ባለ ቁጥር ያጥርበታል። ሃምሳ አለቃው በሰው ፊት «ጓድ ተሾመ፣ ምድሪቱ ምን በደለችህ?» ብለውት ሰው ሁሉ ሳቀ። ቤት መጥቶ ራሱ እየሳቀ ነገረን።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። እናቴ ከሴቶች ማኅበር ስብሰባ አንድ ወሬ ይዛ መጣች። አልመው የሚተኩሱት ከተማው ውስጥ ቀርተው ፋብሪካውንና የዓባይን ድልድይ ይጠብቃሉ፤ የሚስቱት ግን ጥይት ተሸካሚ ሆነው ወደ ሰሜን ይሄዳሉ አሉ። ማን እንዳለው አይታወቅም። ልክ ግን ይመስል ነበር፤ ጎበዙን ማን ከቤቱ ያወጣዋል? እናቴ ጠመንጃ በሚያውቁ ወንድሞች መካከል ያደገች ናት፤ በአባዬ ተኩስ ስትቀልድ ሰንብታለች። ያን ቀን ግን አልቀለደችም።

«ስማኝ» አለችው። «ምን ሁነህ ነው አንድ ግንድ የሚያህል ነገር የምትስተው? ሦስት ልጅ ወልጄልሃለሁ። ተማርና ቅርልኝ።»

አባዬ «አቦ ተይኝ» አላላትም።

ሃምሳ አለቃው ርቀትን በዓይን መገመቻ ዘዴ አስጽፈዋቸው ነበር። በመቶ ሜትር የሰው ዓይን ይለያል። በሁለት መቶ ዓይኑ አይለይም፣ ፊቱ ግን ይታያል። በሦስት መቶ ፊት ይጠፋል፤ ሰው ልብስና ቁመት ብቻ ይሆናል። ይህን ለመለማመድ ቆሞ የሚታይ ሰው ያስፈልጋል። እናቴ ሁለቱን ትንንሾች መያዝ ነበረባት፤ ስለዚህ እሑድ ከሰዓት በኋላ አባዬን ተከትዬ ወደ ሐይቁ የምወርደው እኔ ሆንሁ። በጨርቅ መለኪያ ሜትር ለካንና በየመቶው አንድ እስር ደንገል ተከልን። ደንገሉን የሰጡን እዚያው ዳርቻ ላይ ታንኳ የሚሠሩት ጋሽ ሁሴን ነበሩ።

ቢጫ ሹራቤን ለብሼ እሮጣለሁ። አባዬ የመጥረጊያ እንጨት ትከሻው ላይ ደግፎ በሆዱ ይተኛል። «ራቂ! ገና! ገና ነው ሚሚ!» እያለ ከምልክት ምልክት ያስኬደኛል። ዓይኑ ሲለምድ ደግሞ ጀርባውን ይሰጠኝና ደስ ያለኝ ቦታ እቆማለሁ፤ ዞሮ አይቶኝ ይገምታል። «ሁለት መቶ!» ብሎ ሲጮህ እኔ በአቅራቢያዬ እስካለው ደንገል እየተራመድሁ እቆጥርና «ሁለት መቶ ሠላሳ! ተሸነፍህ!» እለዋለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። ሥራው አድክሞት ዓይኑን እያሸ የሚገባ አባት ነው የነበረኝ። አሁን ግን ከሰዓት በኋላውን ሙሉ እኔን ብቻ ሲያይ ይውላል። የትኛዋ የሠፈራችን ልጅ ይህን አገኘች?

ጋሽ ሁሴን አልወደዱትም። ሁለተኛው እሑድ ላይ ደንገላቸውን ጥለው መጡና ከአባዬ ራስጌ ቆሙ።

«አንተ ተሾመ፣ ወላሂ ይኸ ጥሩ አይደለም። በእንጨትም ቢሆን ወደ ልጅ አይነጣጠርም።»

«አቦ ጋሽ ሁሴን፣ መጥረጊያ እኮ ነው!»

«መጥረጊያ መሆኑን አይቻለሁ፤ ዓይንህ ግን የመጥረጊያ አይደለም» አሉት። ከዚያ ወደ ውኃው ዞር ብለው፣ እንዲያው ዝም ብለው መሄድ ስላልሆነላቸው መሰለኝ፣ አንድ ምክር ሰጡት። በውኃ ማዶ ወይም በጉድጓድ ማዶ ያለ ነገር ሁልጊዜ ከልኩ ይልቅ ቅርብ ይመስላል፤ እሳቸው በወጣትነታቸው በዚህ ተታለው ስንት ጊዜ በታንኳ መሽቶባቸዋል። «መካከሉን ዓይን ስለማይረግጠው ነው። ጨምርበት» አሉት። አባዬ ምክሩን ያዘ፤ ተግሣጹን ተወው። እኔም ተውሁት።

ስምንት እሑድ ቆምሁለት። በስምንተኛው አባዬ አሥር ጊዜ ገምቶ ዘጠኙን አገኘ፤ አሥረኛዋንም እኔ ነኝ ያጭበረበርሁት።

የፈተናው ቅዳሜ ዒላማዎቹን ከአንድ ደረቅ ቦይ ማዶ ተክለው ጠበቋቸው። ርቀቱን የሚነግራቸው የለም። ሌሎቹ ሁለት መቶ መስሏቸው አፈር ሲያነሡ አባዬ ትንሽ አየና ማነጣጠሪያውን ሦስት ላይ አደረገ። ከአምስት ጥይት አምስቱን አሳረፈ። ሃምሳ አለቃው ራሳቸው ከተኛበት አንሥተውት «ጓድ ተሾመ፣ ማን አስተማረህ?» ሲሉት «ልጄ» አላቸውና ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ቤት ሲገባ ወደ ጣሪያ አነሣኝ። እናቴ ትልቅ ቀረሶ ገዝታ ጠበሰች፤ ሦስት ወር ሙሉ እንዲያ ስትስቅ አላየኋትም ነበር።

ሰኞ የስም ዝርዝር ተነበበ። ወሬው ተገላቢጦሽ ነበር። ቅዳሜ አልመው የተኮሱት ሐሙስ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ፤ የሳቱት ቀርተው ፋብሪካውንና ድልድዩን ይጠብቃሉ።

አባዬ ይህን ሲነግረን እናቴ ነጭ ሽንኩርት ትልጥ ነበር። አልጮኸችም፤ መላጧን ቀጠለች። ለወጡ ከሚያስፈልገው በላይ፣ ለሳምንት ከሚያስፈልገን በላይ ላጠች። «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው» ያለኝ ሰው የለም። ባይሉኝም አውቀዋለሁ። ማልቀስ እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ ግን አልመጣልኝም። ጥርስ ሊነቅሉልኝ ማደንዘዣ የወጉኝ ቀን ከንፈሬ እንደሆነው ሁለመናዬ ደንዝዞ ነበር፤ እነክሰዋለሁ፣ አያመኝም።

ሐሙስ ጠዋት ፋብሪካው በር ላይ ቆመን ሸኘናቸው። መኪናው ሲንቀሳቀስ አባዬ ከኋላ ቆሞ እያየኝ ነበር። መንገዱ ዳር ባሉት ዘንባባዎች መካከል ሲርቁ ዓይኑ ጠፋ። ቀጥሎ ፊቱ ጠፋ። በልቤ «ሦስት መቶ» አልሁ። ከጎኔ የነበሩ ሴቶች ደረታቸውን ይደቃሉ፣ እኔ ርቀት እቆጥራለሁ።

ሦስት ክረምት አለፈ። መንግሥቱ ተለወጠ፣ ጦሩ ተበተነ፣ አባዬም አንድ ቀን በእግሩ መጣ። ከስቶ፣ ጥቁር ብሎ፣ የሰው ጫማ ተጫምቶ። እናቴ እልል ብላ ወደቀችበት። እኔ ቁመቴ ጨምሯል፤ ሳመኝ፣ ጉንጬን ዳበሰኝ። ሁሉም እንደ ድሮው የተመለሰ መሰለኝ። አንድ ነገር ብቻ ግራ አጋባኝ። ደጃፍ ተቀምጦ እኔ ከትምህርት ቤት በሩቁ ስመጣ ሲያየኝ አንገቱን ይደፋል። አጠገቡ እስክደርስ መሬት መሬት ያያል። ስደርስ ቀና ይልና «መጣሽ ሚሚ?» ይለኛል። ለእናቴና ለታናናሾቼ እንዲህ አያደርግም፤ ለእኔ ብቻ ነው። ዓመታት እንዲሁ አለፉ፤ እኔም ቂም ያዝሁ።

ኮሌጅ ጨርሼ የተመረቅሁ ቀን በአዳራሹ ጫፍ ቆሞ አየሁት፤ ስሜ ተጠርቶ መድረክ ስወጣ አንገቱን ደፋ። ያን ቀን መታገሥ አልቻልሁም። ቤት እንደገባን ጠየቅሁት።

«አባዬ፣ ከሩቅ ለምንድን ነው የማታየኝ? ታፍርብኛለህ?»

ኮቱን አውልቆ ጭኑ ላይ አጠፈ። የማይመልስልኝ መስሎኝ ልነሣ ስል ጀመረ።

«እዚያ ሰሜን አገሩ ሌላ ነው። ተራራ ነው፤ ዓይን ይጠፋበታል። ርቀቱ ሲጠፋብኝ አንቺን አቆም ነበር። በሐሳቤ፣ በዚያች ቢጫ ሹራብሽ፣ የምተኩስበት ሰው ያለበት ቦታ ላይ አቆምሻለሁ። ፊትሽ ከታየኝ ሁለት መቶ። ፊትሽ ከጠፋኝ ሦስት መቶ። ከዚያ አንቺን አነሣሽና እተኩሳለሁ።»

ከኮቱ እጅጌ ላይ የተበጠሰች ክር መዘዘ።

«አንዳንዴ አንቺን ለማንሣት ጊዜ አልነበረም» አለ።

አቀፍሁት እንዳልል አላቀፍሁትም፤ አለቀስሁ እንዳልል አላለቀስሁም። የምረቃ ጋዎኔን ሳላወልቅ አጠገቡ ተቀምጬ ቆየሁ፤ እናቴ ምሳ ቀረበ ስትል ተነሣን። ከዚያ ወዲህ ጉዳዩን አንሥተነው አናውቅም።

አሁን ያ ሜዳ የለም። ዳርቻው ላይ ድንጋይ ተነጥፎበታል፣ መዝናኛ ተሠርቶበታል፤ ወጣቶች ቆመው ፎቶ ይነሣሉ፣ አንዱ ለሌላው «ትንሽ ራቂ፣ ትንሽ» ሲል እሰማለሁ። ጋሽ ሁሴንም አርፈዋል። በእኛ ጊዜ ልጅ የአባቱን ዓይን ለማግኘት ይሮጥ ነበር፤ ያሁኖቹ አባቶች ልጃቸውን በስልክ ሲያዩ ይውላሉ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም።

አባዬ ሁለቱም ዓይኖቹ ላይ ሞራ ወጣበት። ሐኪም ዘንድ ወሰድሁት፤ በግማሽ ቀን ቀዶ ሕክምና ይገፈፍለታል፣ እንደ ወጣት ሩቅ ያያል አለኝ። አባዬ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ራሱን ነቀነቀ። «አቦ ተይኝ ሚሚ፣ እንዲሁ ይሻለኛል» አለኝ። ሐኪሙ እኔን አየኝ፤ እንድለምነው መሆኑ ነው። አልለመንሁትም። እጁን ይዤ ወደ ቤት መለስሁት።

ዛሬም ከትምህርት ቤት ስመለስ ደጃፍ ተቀምጦ ይጠብቀኛል። አሁን ልጅ የማስተምር ሴት ነኝ። የመንገዱ መታጠፊያ ላይ ስደርስ ኮቴዬን ይሰማል፤ አንገቱን አይደፋም። ፊቱን ቀና አድርጎ ወደ እኔ ያዞረዋል፣ አጠገቡ እስክደርስም አይመልሰውም።