ሆን ተብሎ የላላ ቁልፍ

የኮት ቁልፍ መስፋት ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ቁልፉ ጨርቁ ላይ ተጣብቆ ከተሰፋ ሲቆለፍ ኮቱን ያጨማድደዋል። ስለዚህ ጎበዝ ሰፊ ከቁልፉ ሥር የክብሪት እንጨት ታስገባለች፤ ሰፍታ ስትጨርስ እንጨቱን ታወጣና ክፍተቱን በክር ትጠመጥመዋለች። ቁልፉ አንገት ያወጣል! ደስ ሲል! በመጨረሻ ሁለቴ ቋጥራ ክሩን ትቆርጣለች።

ሰፈሩ «መርፌ» እያለ የሚጠራት ልብስ ሰፊ የሰፋችው ቁልፍ፣ ጨርቁ አልቆ እንኳ አይበጠስም። የሚበጠሰው የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ከሱቋ በላይ ፎቁ ላይ የሚኖረው የሒሳብ መምህር። ለእሱ ስትሰፋ ቋጠሮውን ትተወዋለች። በወሩ ቁልፉ ይረግፋል፤ መምህሩ ኮቱን ይዞ ይወርዳል። እስክትሰፋለት ስለ ተማሪዎቹ ያወራል፤ እሷ ትሰማለች። ስምንት ዓመት እንዲህ አለፈ።

«ወይ ንገሪው፣ ወይ ተይው» ትላታለች ታላቅ እህቷ። «ወይስ ኮቱን ልታገቢ ነው?»

«አፍሽን ያዢ አንቺ!»

አንድ ማክሰኞ መምህሩ ባዶ እጁን ወረደ።

«እህቴ፣ እንዳትቀየሚኝ። ላገባ ነው። የሠርጉን ሱፍ ግን ሌላ ቦታ አሰፋሁ። ያንቺ እጅ አይጸናም። ለሥራ ባልደረቦቼም ይህንኑ ነው የነገርኳቸው።»

የትምህርት ቤቱ ደንበኞቿ ለምን እንደጠፉ ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ ቀላ።

«አይጸናም አልክ?» ግድግዳው ላይ የተሰቀለ የደንበኛ ኮት አውርዳ ደረቱ ላይ ወረወረችው። «ሳብ! በጥርስህ ሳብ!»

ሳበ። ቁልፉ ንቅንቅ አላለም።

«ታዲያ የኔ ለምን ይረግፋል?»

«እንድትመጣ ነዋ! ለዚህም አስተማሪ ያስፈልግሃል?»

ኮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «ስምንት ዓመት በከንቱ አመላለስሽኝ?» አለ።

«አንተስ? ስምንት ዓመት ሙሉ አንዲት ቀን እንኳ ‹አንቺስ እንዴት ነሽ› ብለህ ታውቃለህ? ውጣ! ለባልደረቦችህም እውነቱን ንገራቸው።»

አንገቱን ደፍቶ ወጣ። እንደማይነግራቸው አላጣችውም። በማግስቱ ረቡዕ በእረፍት ሰዓት ያንኑ ኮት ይዛ ወደ መምህራኑ ክፍል ገባች፤ እሱ ሻዩን እንደያዘ፣ ቋጠሮውን ለምን ትተወው እንደነበር አንድም ሳታስቀር ተናገረች። ከመምህራኑ ሁለቱ ሳቁ። የታሪክ መምህሯ ግን ቁልፉን ስባ፣ ስባ፣ «ቅዳሜ ቀሚሴን ይዤ እመጣለሁ» አለቻት።

ስሟ ተመለሰ። ንዴቷ ግን አልበረደም። ከሠርጉ በኋላ ከላይ የሁለት ሰው ኮቴ በሰማች ቁጥር የስፌት መኪናዋን ፔዳል እንደ ጠላት ትረግጠዋለች።