ሰባት ጥቁር ድንጋዮች በጣውላው ላይ

አባቴ በረንዳችንን በዓመት አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ዘይት ያጠጣው ነበር። ይቀባው ነበር ብል አይወድልኝም። የሚቀባ ግድግዳ ነው፣ ጣውላ ይጠጣል ባይ ነው።

የምንኖረው ፒያሳ፣ ከወርቅ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ መግቢያ ውስጥ፣ ፎቅ ላይ ነበር። ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት፣ ከፊቱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር በጣውላ የተሠራ ሰፊ በረንዳ። ክፍሎቹ ጨለማ ስለነበሩ ኑሯችን ውጭ ነበር። ሽንኩርት የምንልጠው እዚያ ነው። እናቴ ከመሞቷ በፊት ፀጉሬን ትሠራኝ የነበረው እዚያ ነው። እኔም በኋላ፣ ማንም ሳያስተምረኝ፣ ግጥም ነው እያልኩ የምሞነጫጭረው መደገፊያው ላይ ክርኔን አስደግፌ ነበር።

የአባቴ ሥራ መልኩን ቀይሮ አያውቅም። ክረምቱ ያበቀለውን አረንጓዴ ነገር በደነዘዘ ቢላ ይፍቃል። ቀጥሎ ተንበርክኮ ጣውላውን አንድ በአንድ በብርጭቆ ወረቀት ያሻል። ከዚያ የተልባ ዘይት ለብ አድርጎ በአሮጌ ሹራብ ቁራጭ ያጠጣል። የበሰበሰ ጣውላ ካለ ግን እሱን ለመጨረሻ ያቆየዋል፤ ነቅሎ አዲስ ያስገባና ሥሩን ኮላ ቀብቶ፣ እንዳይነሳ ሰባት ድንጋይ ይጭንበታል። ድንጋዮቹ ጥቁርና ለስላሳ ናቸው፤ አናጢነት በጀመረበት ዘመን ከአገሩ ወንዝ መርጦ ያመጣቸው። ሦስት ቀን ሳይሞላ ማንም አይነካቸውም። ልጅ ሆኜ አንዱን ለጨዋታ አንስቼ ነበር። አልመታኝም። ድንጋዩን ከእጄ ወስዶ ወደ ቦታው መለሰና «ኮላ የሚይዘው ሲረሱት ነው» አለኝ።

እኔም እንጀራዬ ከድንጋይ ሆነ። ካፌ ሠርቻለሁ፣ ልብስ ሸጫለሁ፣ አንዱም ጋ ዓመት አልሞላሁም። ከአራት ኪሎ ወረድ ብሎ አንድ ሕንፃ ላይ ያለው ማሳጅ ቤት ግን ሁለት ዓመት ያዘኝ። ድንጋይ በውሃ እናሞቃለን፣ በሰው ጀርባ ላይ እንደረድራለን፣ ሰውነቱ ሲላላ በእጃችን እናሻለን። የሚመጡት ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ የደረቁ ሰዎች ናቸው። አንዳንዱ ድንጋዩ ገና ሲያርፍበት ያለቅሳል። ለምን እንደሆነ አልጠይቅም።

እኛ ከተማ ግን ማሳጅ ቤት ሲባል ሰው በከንፈሩ ዳር ፈገግ ይላል። አባቴ ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። ስለ እኔ ሲጠይቁት «ሕክምና ቤት ናት» ይላል። ነጭ ጋዋኔን በልብስ ማስጫው ገመድ ላይ ሲያየው ዓይኑን ወደ መንገዱ ያዞራል። በሁለት ዓመት ውስጥ ዛሬ ሥራ እንዴት ነበር ብሎኝ አያውቅም።

ባለፈው ክረምት ግድግዳችን ላይ ቀይ ምልክት ተደረገ። ሰፈሩ ሊነሳ ነው። ዳር ከተማ ኮንዶሚኒየም ተሰጠን፣ የምንወጣበትም ቅዳሜ ተነገረን። ጎረቤቱ ሁሉ ዕቃ ሲያስር አባቴ የተልባ ዘይት ገዝቶ መጣ።

ከሥራችን የምትኖረው ልብስ ሰፊ ቀና ብላ አየችውና መርፌዋን ከአፏ አወጣች።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለማን ነው? ለግሬደሩ ነው?»

«ለእሱም ቢሆን» አላት አባቴ ቢላውን ሳያቆም፣ «ጫማውን ሳይጠርግ እንዳይወጣ ንገሪልኝ።»

ሳቀች። ወዲያው ደግሞ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች።

በዚያው ቀን፣ ሲፍቅ ቆይቶ ሊነሳ ሲል ወገቡ ያዘው። እጆቹና ጉልበቶቹ መሬት ላይ እንደሆኑ ቀረ። ደግፌ ሳነሳው ከሸሚዙ በላይ ጀርባውን ዳሰስኩት፤ ከብርጭቆ ወረቀቱ በታች እንዳለው ጣውላ የደረቀ ነበር። የት ጋ እንደታሰረ እጄ ወዲያው አወቀው።

«አባዬ፣ ልሽልህ። ሥራዬ እኮ ነው።»

እጄን ከጀርባው ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው። «ወጌሻ አለ» አለ።

ወጌሻው ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ነበር የሚቀመጡት። አባቴ በዱላ እየተደገፈ ወርዶ ከሰዓት በኋላ እንደሄደ ተመለሰ። የወጌሻው ቤት ፈርሷል። ወዴት እንደሄዱ የሚያውቅ ሰውም አላገኘም። ደረጃውን አንድ አንድ እያለ ሲወጣ የሚያቃስተውን ላለመስማት ምድጃ ለኮስኩ። ሰባቱን ድንጋዮች በድስት ውሃ ውስጥ ጣድኳቸው።

ሲያያቸው አልከለከለኝም። የራሱ ዕቃ ስለሆኑ ይመስለኛል። በረንዳው ላይ ፍራሽ አነጠፍኩለት፣ በሆዱ ተኛ።

«ሸሚዜን አላወልቅም።»

«አታውልቅ።»

«አስቀምጪና ሂጂ። እጅሽን አታሳርፊ።»

በፎጣ እየጠቀለልኩ ከአንገቱ ሥር እስከ ወገቡ አስቀመጥኳቸው። ገብቼ ከመጋረጃው ጀርባ ቆምኩ። ትንሽ ቆይቶ ትከሻው ወረደ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ያን ትከሻ ወርዶ አይቼው አላውቅም። ሲቀዘቅዙ ላነሳቸው ስመለስ ጉንጩ ፍራሹ ላይ እንደተለጠፈ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ጠየቀኝ።

«ሰዎቹ እንዲህ ነው የሚተኙልሽ?»

«አዎ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ በእጄ አሻቸዋለሁ።»

ዓይኑን ገልጦ ደረጃው አፍ ላይ የበሰበሰውን ጣውላ አየ። ታክሲ ረዳቶች ከታች ይጮሃሉ። «ጣውላው ይያዝና» አለ በመጨረሻ፣ «እናያለን።»

ይህችን ቃል ይዤ ሦስት ቀን ሥራ ዋልኩ። በየደንበኛው ጀርባ ላይ ከየት እንደምጀምርለት እለማመድ ነበር። በጣም እንዳልጫን፣ እንዳላሳፍረው፣ ከትከሻው ጀምሬ ወደ ታች። እሱ በበኩሉ በረንዳውን አጠጥቶ ጨረሰ። ጣውላው ሁሉ እንደ ማር አበራ። ከደረጃው አፍ ያለውን የበሰበሰ ጣውላ ነቅሎ አዲሱን ያስገባው፣ ኮላውን ቀብቶ ሰባቱን ድንጋዮች የጫነበት ሐሙስ ነው።

ቅዳሜ እንደምንወጣ ያውቃል። ሦስቱ ቀን ደግሞ የሚሞላው እሑድ ነው። ቆጥሮ ይሁን ረስቶ እስካሁን አላወቅሁም። እኔም በጣቴ መቁጠር አያቅተኝም ነበር፤ አልቆጠርኩም።

ቅዳሜ ጠዋት የጭነት መኪናው መጣ። ፍራሹ ወረደ፣ ቁም ሳጥኑ ወረደ፣ የእናቴ ፎቶ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ወረደ። መጨረሻ ላይ ድንጋዮቹን በዘንቢል ልሰበስብ ጎንበስ ስል አባቴ ከደረጃው ሥር ተጣራ።

«ተያቸው! ገና አልያዘም!»

«አባዬ፣ ቤቱ እኮ...»

«ገና አልያዘም አልኩሽ።»

ሾፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ልብስ ሰፊዋ ቀና ብላ አየችኝና ራሷን ነቀነቀች፤ ተይ ማለቷ ይሁን አንሺ ማለቷ አልገባኝም። ተውኳቸው። እንዳልነካቸው ዳር ዳሩን ረግጬ ወረድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ ያልታዘዝኩትን ሰውዬ በዚያች ቀን ታዘዝኩት።

አዲሱ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ነው። በረንዳው ሲሚንቶ ነው፤ የሚፋቅ የለው፣ የሚጠጣ የለው። በሁለተኛው ሳምንት ወገቡ እንደገና ያዘው። እራት ሳቀርብ በሆዱ ተኝቶ አገኘሁት። ሸሚዙን አውልቆታል። የአባቴን ጀርባ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ከጠበቅሁት በላይ ቀጭን፣ ከጠበቅሁት በላይ ነጣ ያለ።

«ድንጋዮቹን አሙቂልኝ» አለኝ።

«የትኞቹን?»

ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «አላነሳሻቸውም?»

«አንተ አይደለህ ተያቸው ያልከኝ።»

«እኔማ እላለሁ» አለ። «አንቺ ማንሳት ነበረብሽ።»

እጄን ዘርግቼ ቆሜ ነበር። ሸሚዙን ስቦ ለበሰ።

በማግስቱ ፒያሳ ሄድኩ። መግቢያችን የቱ ጋ እንደነበረ ለመለየት የወርቅ ቤቶቹን ቦታ ፈለግሁ፤ እነሱም የሉም። በቆርቆሮ ታጥሯል፣ ከቆርቆሮው ጀርባ ድንጋይ ተከምሯል፤ ጥቁሩም ነጩም አንድ ላይ። በቀዳዳ እያየሁ ብዙ ቆምኩ። ከሥራ ቦታዬ ሰባት ድንጋይ አስፈቅጄ ወሰድኩለት። አንዱን በመዳፉ ይዞ አገላበጠው። «ለስላሳ ነው» አለ፤ «ግን የሰው ነው።» ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

ባለፈው ሳምንት አንድ አዛውንት ልጃቸው አምጥታቸው ማሳጅ ቤት ገቡ። የሸሚዛቸውን ቁልፍ ይዘው ሲያቅማሙ «አያውልቁት» አልኳቸው። ድንጋዮቹን ከሸሚዛቸው በላይ ደረደርኩ፣ ትከሻቸው እስኪወርድ ጠበቅሁ፣ ከትከሻቸው ጀምሬ ወደ ታች ቀስ ብዬ አሸኋቸው። ሲነሱ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ» አሉኝ።

ሁለት ታክሲ ለውጬ ቤት ስደርስ አባቴ ሲሚንቶው በረንዳ ላይ፣ ለእጄ ያልሰጠውን ጀርባ ለግድግዳው ሰጥቶ ተቀምጦ ነበር።